በተሞላ ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት፦ የመሠረቱ ወጪ ከየት መጣ?

መነሻ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ኮረብታዎች ግርጌ ባለ ተዳፋት ሰፈር ውስጥ የተሠራን አንድ ጂ+1 መኖሪያ ቤት የሚመለከት ነው። የባለቤቶቹም ሆነ የተቋራጩና የሻጩ ማንነት አይጠቀስም፤ የቦታው ትክክለኛ አድራሻም ተትቷል። እኔ በጉዳዩ የገባሁት የመሠረቱ ቁፋሮ ከተጀመረና ፎርማኑ «ይህ አፈር አላማረኝም» ብሎ ሠራተኞቹን ካስቆመ በኋላ፣ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት ነው። ያ ፎርማን በዚህ ሥራ ከማናችንም በላይ ገንዘብ ያዳነ ሰው ነው ብል አላጋነንኩም።

ወጪውን በብር አልጻፍኩም። የሲሚንቶ፣ የፌሮና የመኪና ኪራይ ዋጋ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ የዛሬው ቁጥር ለነገ አንባቢ አይጠቅመውም። በዚህ ፋንታ ተቋራጩ መጀመሪያ ለመሠረቱ ያቀረበውን ዋጋ 100 አድርጌ ሌሎቹን ከእርሱ ጋር አነጻጽራለሁ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገበት ዋና ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባለቤቶቹ ከ100 በላይ ከከፈሉት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የወጣው አፈር ለመቆፈር፣ ለማጓጓዝ፣ ለመያዝና ከውኃ ለመጠበቅ እንጂ ለኮንክሪትና ለብረት አልነበረም። ቤት የሚሠራ ሰው ግን ሲደራደርም ሲጨነቅም የሚውለው በሲሚንቶና በፌሮ ዋጋ ላይ ነው።

የቦታውና የውሉ ታሪክ

ቦታው 10 ሜትር ወርድና 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በጠቅላላው 200 ካሬ ሜትር የሚሆን ነው። የኮብልስቶን መንገዱ በላይኛው ጫፍ ያልፋል፤ መሬቱ ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይወርዳል። በተፈጥሮው ከመንገዱ እስከ ታችኛው ወሰን 3.5 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህም በየሜትሩ 17.5 ሳንቲ ሜትር መውረድ ማለት ነው። ባልና ሚስቱ ሲገዙት ግን ተዳፋት አይመስልም ነበር። ሻጩ በመንገዱ በኩል እስከ 1 ሜትር አስቆርጦ፣ በታችኛው በኩል እስከ 2.5 ሜትር አስሞልቶ፣ የተሞላውን ክፍል በሦስት ጎኑ በደረቅ የድንጋይ ግንብ አስይዞ፣ በላዩ ላይ ቀይ አሽ አልብሶ ሜዳ አድርጎታል። «ተደልድሎ ያለቀ ነው፤ ነገ ፉቲንግ መቆፈር ትችላላችሁ» (ፉቲንግ ማለት ምሰሶ የሚያርፍበት የኮንክሪት እግር ነው) ተብሎም ባልተደለደሉት የጎረቤት ቦታዎች ከሚጠየቀው በሚበልጥ ዋጋ ተሸጠ። ይህን ብልጫ በዋጋው ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁትም፤ ይሁን እንጂ ገዢዎቹ ለሙሌቱ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ ሲገዙት አንድ ጊዜ፣ ሲያስነሡት ሁለተኛ ጊዜ።

ዲዛይኑ የተሠራው ቦታው ሜዳ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። ቤቱ በወርዱ 8፣ በርዝመቱ 12 ሜትር ሆኖ በአራት ረድፍ የቆሙ 12 ኮለኖች (የኮንክሪት ምሰሶዎች) ነበሩት፤ በኮለን እና በኮለን መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ነው። ፉቲንጎቹ ሁሉ 1.6 በ1.6 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ተሰጥቷቸዋል። በስትራክቸር ወረቀቱ ላይ የአፈሩ የመሸከም አቅም 200 ኪሎ ፓስካል (በካሬ ሜትር 20 ቶን ያህል) ተብሎ «ተወስዷል»፤ አንድም ጉድጓድ ተቆፍሮ አልታየም። ይህ ቁጥር ላልተነካው የአካባቢው አፈር ክፉ ግምት አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ቤት የሚያርፈው ባልተነካው አፈር ላይ አለመሆኑ ነው።

ከተቋራጩ ጋር የተፈረመው ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ቁፋሮን በሜትር ኪዩብ፣ አፈር አጓጉዞ መድፋትን ደግሞ «በጥቅል» አስቀምጦ ነበር። ይህች አንዲት ቃል በኋላ ብዙ ንግግር አስነሥታለች።

ችግሩ እንዴት ታየ

ቁፋሮው በግንቦት ተጀመረ። በመንገዱ በኩል ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ያለ ችግር ወረደ፤ ከግማሽ ሜትር በታች ጠንካራ ቀይ ቡናማ አፈር፣ ከእርሱ በታች የበሰበሰ ዐለት ተገኘ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሲደረስ ግን 1.5 ሜትር ተቆፍሮም ዶማው ብሎኬት ስብርባሪ ያወጣ ነበር። ፎርማኑ አንድ የ12 ፌሮ አንሥቶ በጉድጓዱ ወለል ላይ በእጁ ብቻ ሲጫነው ክንድ የሚያህል ሰመጠ። ሥራው የቆመው በዚህ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ምንም ኮንክሪት ሳይሞላ በታችኛው ግማሽ ተጨማሪ የመፈተሻ ጉድጓዶች እስከ ተፈጥሯዊው መሬት ድረስ ማስቆፈር ነበር። የአንዱ ጉድጓድ ግድግዳ ሁሉንም ነገር አሳየ። ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በደንብ የተጠቀጠቀ ቀይ አሽ አለ፤ ሰው የሚረግጠውና የሚያየው ይህንን ነው። ከሥሩ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ፣ የሴራሚክ ቁራጭ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያላቸው የኮንክሪት ጉማጆች ተከተሉ። ቀጥሎ ሥሩ ገና ያልበሰበሰ የሣር መስመር፣ ከዚያም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥቁር የላይኛ አፈር፣ በመጨረሻም ያው ቀይ ቡናማው ጠንካራ አፈር ታየ። ሣሩ ሳይነሣ ነው የተሞላበት። በተዳፋት ላይ ይህ ከሙሌቱ ልልነት ያላነሰ አደጋ ነው፤ ምክንያቱም ያ ጥቁርና እርጥብ ንጣፍ ሙሌቱ ወደ ታች የሚንሸራተትበት ወለል ሊሆን ይችላል።

በታችኛው ቀኝ ማዕዘን ያለው ጉድጓድ ከሌሎቹ ይበልጥ ጠልቆ ውኃ አገኘ። ምክንያቱን የነገሩን ከሥር በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው፦ «ልጄ፣ ይህ እኮ ቦይ ነበር። ክረምት ሲሆን ልጆቻችንን በእጅ ይዘን ነበር የምናሻግራቸው።» ቦዩ ተደፍኗል እንጂ ውኃው መንገዱን አልለወጠም፤ ከላይኛው ሰፈር የሚሰርገው ውኃ አሁንም በፍርስራሹ ውስጥ ያልፍ ነበር።

ወደ ኋላ ተመልሰን ስናየው፣ ቦታው የተሞላ መሆኑን ያለ ቁፋሮም የሚናገሩ ምልክቶች ነበሩ። በጎን ወሰኑ ላይ የቆመ አንድ ባሕር ዛፍ ግንዱ ወደ ሥሩ ሲቃረብ ሳይሰፋ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ይገባ ነበር፤ ይህ የሚሆነው የዛፉ አንገት ሲቀበር ነው። የታችኛው ደረቅ ግንብም በወገቡ ላይ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ አብጦ ነበር።

የተመዘኑት አማራጮች

ተቋራጩ ያቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ሙሌቱን ውኃ አጠጥቶ በኮምፓክተር መጠቅጠቅ ነበር። እንዲያውም እኔ ከመድረሴ በፊት በአንድ በኩል ተሞክሮ፣ ባለቤቶቹም ከፍለውበታል። በእጅ የሚገፋ ኮምፓክተር ኃይሉ የሚደርሰው ከላይ እስከ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ፍርስራሽ ምንም አልተነካም።

ሁለተኛው አማራጭ ሙሌቱን በሙሉ አውጥቶ በገረጋንቲ (ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር) መተካት፣ እርሱንም በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እያጠጡና እየጠቀጠቁ ማምጣት ነው። ዘዴው ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ገረጋንቲው በሦስት ጎን የሚይዘው እውነተኛ ደጋፊ ግንብ ይፈልጋል፤ ደረቁ ግንብ ለዚህ አይበቃም። ተሰልቶ 230 መጣ።

ሦስተኛው ቤቱን በሙሉ በአንድ ወፍራም የኮንክሪት ወለል፣ ማለትም በማት ፋውንዴሽን ላይ ማስቀመጥ ነበር። ብዙ ሰው አፈር ሲከፋበት መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ማት ጭነትን በሰፊው ያከፋፍላል፤ ነገር ግን ግማሹ በተቆረጠ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ ውፍረቱ እየጨመረ በሚሄድ ፍርስራሽ ላይ ሲያርፍ አንዱ ወገን ብቻ ስለሚወርድ ቤቱ ሳይሰነጠቅም ቢሆን ሊያዘምም ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን እስከ መጨረሻው ማስላት አላስፈለገም። የፓይል ሥራም (ጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶ ወደ መሬት መትከል) ማሽኑን ወደዚያ ጠባብ መንገድ ማስገባት ብቻውን ለአንድ መኖሪያ ቤት የማይመጥን ወጪ ስለሚጠይቅ ታለፈ።

አራተኛው እያንዳንዱን ፉቲንግ እስከ ተፈጥሯዊው መሬት አጥልቆ፣ ሙሌቱን በመካከላቸው እንዳለ መተው ነበር። በወረቀት ላይ ርካሽ መሰለ። አራተኛው ረድፍ ግን 3 ሜትር መውረድ ነበረበት። እንዲህ ባለ ልል አፈር ውስጥ ግድግዳው ሳይደገፍ 3 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ማስገባት ነፍስ ላይ መፍረድ ነው፤ ስለዚህ ወይ በጣውላና በባሕር ዛፍ መወጠር፣ ወይም ጎኑን እያዘነበሉ መቆፈር ያስፈልጋል። ወለሉ 2.2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በየሁለት ሜትር ቁልቁለት አንድ ሜትር እንዲያዘነብል ቢደረግ አፉ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ኮለኖቹ ግን የሚራራቁት 4 ሜትር ብቻ ነው። ጉድጓዶቹ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። በሌላ አነጋገር በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ መካከል ያለው አፈር ተወደደም ተጠላም መውጣቱ አይቀርም። ከደጋፊ ግንቡ ጋር 215 ያህል የተገመተው ይህ አማራጭ የወጣውን አፈር መልሶ በገንዘብ መሙላትን ይጨምር ነበር።

የተመረጠው መፍትሔ

መፍትሔው የመጣው ከዚሁ ነው፦ አፈሩ መውጣቱ ካልቀረ ለምን ይመለሳል? በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ መካከል ያለው 8 በ4 ሜትር ቦታ በግማሽ ከመሬት በታች የሆነ ክፍል እንዲሆን፣ የጓሮውም ሙሌት በሙሉ ተነሥቶ ቀድሞ ወደነበረበት ደረጃ እንዲመለስ ተወሰነ። የመሬት ወለሉ ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨምሮ ክፍሉ ተገቢ ቁመት አገኘ።

ትልቁ ትርፍ የተገኘው በግንቡ ላይ ነው። አፈር በግንብ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚያድገው በከፍታው ካሬ ነው፤ ግንቡን የሚገለብጠው ኃይል ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። የታችኛው ወሰን ግንብ ይይዝ የነበረው 2.5 ሜትር አፈር ወደ ግማሽ ሜትር ሲወርድ ግፊቱ 25 ጊዜ አነሰ። አዲስ ደጋፊ ግንብ መሥራት ቀረ፤ በአሮጌው ፋንታ ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ በቂ ሆነ። የደረቁ ግንብ ድንጋይም ተለቅሞ ለዚህና ለሃርድ ኮር (ከወለል ሥር ለሚነጠፍ ድንጋይ) ዋለ።

የፉቲንጎቹ ደረጃ እንደገና ተሰላ። ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ከተደለደለው ገጽ 3 ሜትር ወረዱ። ሁለተኛው ረድፍ በ1.5 ሜትር ቢቆም ከሦስተኛው ጋር 1.5 ሜትር የደረጃ ልዩነት ይኖረዋል፤ በሁለቱ ፉቲንጎች ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ግን 2.4 ሜትር ነው። የላይኛው ፉቲንግ ጭነት የታችኛውን እንዳይጫን ልዩነቱ ከርቀቱ ግማሽ እንዳይበልጥ ስለፈለግን ሁለተኛውን ረድፍ 30 ሳንቲ ሜትር አወረድነው። ለሦስት ፉቲንግ ይህ ቀላል ወጪ ነው። በአሮጌው ቦይ ላይ ያረፈው የማዕዘን ፉቲንግ ሥር ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ተቆፍሮ ድንጋይ በተቀላቀለበት ኮንክሪት ተሞላ።

በሦስተኛው ረድፍ ላይ 2 ሜትር አፈር የሚይዝ የኮንክሪት ግድግዳ ቆመ፤ ራሱ የክፍሉ ግድግዳ ስለሆነና ከላይ በሶሌታው (በወለሉ ኮንክሪት) ስለተያዘ ለብቻው ከሚቆም ግንብ ቀጥኖ ሊሠራ ችሏል። ተዳፋት ላይ ሌላም ሊረሳ የማይገባው ነገር አለ፦ ከላይ በኩል ያሉት አጫጭር ኮለኖች ግትር ስለሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ከረጃጅሞቹ የበለጠ ኃይል ወደራሳቸው ይስባሉ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ውስጥ ጭምር ስለተሰሙ ባለቤቶቹን በዚህ ላይ ማሳመን አላስቸገረም፤ ግሬድ ቢሞቹ (ኮለኖቹን ከመሬት አጠገብ የሚያገናኙት አግዳሚዎች) በሁለቱም አቅጣጫ ተያይዘው፣ የአጫጭሮቹ ኮለኖች ስታፋ (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ብረት) ተጠጋግቶ ታሰረ።

ለውኃው ከቤቱ በላይ በመንገዱ በኩል የሚጠልፍ ቦይ ተሠርቶ በጎን በኩል በቱቦ ወደ ታች ተወሰደ። በቀድሞው ፕላን በተሞላው ጓሮ ውስጥ የነበረው ሴፕቲክ ታንክም ወደ ተፈጥሯዊው መሬት ተዛወረ፤ በሙሌት ውስጥ የሚያፈስ ታንክ ቀስ በቀስ ከሥሩ ያለውን ያረጥባል፣ ያወርዳልም።

የመጨረሻው ወጪ 190 ሆነ። ከመጀመሪያው ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ነገር ግን ዋጋቸው ከተሰላው አማራጮች ሁሉ አነስተኛው ነበር፣ በውስጡም 32 ካሬ ሜትር ክፍል አለ። ባለቤቶቹ አሁን ለውኃ ታንከርና ለዕቃ ማስቀመጫ ይጠቀሙበታል።

ያልተሳኩ ነገሮች

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ከመሬት በታች ክፍል መጨመር የማሻሻያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሥራው ቆሞ ሐምሌ ገባ። የላይኛዎቹ ሁለት ረድፎች ጉድጓዶች ተቆፍረው ክፍት ነበሩ፤ ዝናብ ሞላባቸው፣ ጠንካራው ወለልም ላቆጠ። ሥራው ሲቀጥል ጭቃውን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርጎ በሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ባነሰ የማንጠፊያ ኮንክሪት) መተካት አስፈለገ። የጉድጓድ ወለል በታየበት ዕለት ሊን ኮንክሪት ቢለብስ ይህ ወጪ አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው የመኪና ሒሳብ ነው። ከቦታው የተነሣው አፈር ባለበት ሲለካ 190 ሜትር ኪዩብ ያህል ነበር፤ ሲቆፈር ግን ሩብ ያህል ስለሚያብጥ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ 15 ምልልስ ፈጀ። ተቋራጩ «በጥቅል» የተባለው ለመጀመሪያው ዲዛይን ነው አለ፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ጥቅል ማለት ሁሉንም ያጠቃልላል አሉ። ሁለቱም የያዙት ክርክር ምክንያት ነበረው። በመጨረሻ ልዩነቱን ተካፈሉ፤ ቅሬታው ግን እስከ ሥራው ፍጻሜ አልጠፋም።

ሦስተኛው ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሙሌት ነው። በዲዛይኑ መሠረት ከኮንክሪቱ ግድግዳ ጀርባ ያለው ክፍተት በድንጋይና በጠጠር ተሞልቶ ከሥሩ የውኃ ማስወጫ ቱቦ እንዲኖረው ታዞ ነበር። በግራው ግማሽ እንደታዘዘው ተሠራ። በቀኙ ግማሽ ግን ጠጠሩ ስላለቀ ሠራተኞቹ ከቁፋሮው የወጣውን ጥቁር አፈር መልሰው ሞሉበት። በቀጣዩ ክረምት የግራው ግድግዳ ደረቅ ሲሆን የቀኙ እስከ ወገብ ረጠበ፤ ቀለሙም ተላጠ። ያንን በኩል እንደገና መክፈት አሁን የእጅ ቁፋሮ ስለሚጠይቅ እስካሁን አልተስተካከለም።

አራተኛው ሻጩን መጠየቅ ነው። ውሉ ቦታው «ባለበት ሁኔታ» እንደተሸጠ ይላል። በሽማግሌ ተይዞ ሻጩ የጥቂት ሲኖትራክ ኪራይ ለመሸፈን ተስማማ፤ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ግን የሚቆጠር አይደለም።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግሉ ነጥቦች

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ቦታ ከመግዛት አስቀድሞ ማስቆፈር ነው። ለመኖሪያ ቤት በታችኛው ማዕዘኖችና በመካከል እስከ ተፈጥሯዊው መሬት የሚወርዱ ጥቂት ጉድጓዶች ይበቃሉ፤ ወጪያቸው ከጥቂት ሲኖትራክ ምልልስ አይበልጥም። «አይቆፈርም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ጉድጓዱን የሚያየው ሰው የሚፈልገው የሣሩን መስመር ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ ሰው ያመጣው ነው፣ ከእርሱ በታችም ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ መሠረት አይቀመጥም። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎችም ስለ ውኃ መንገድ የሚያውቁትን የሚያውቅ ካርታ የለም።

የተደለደለ ቦታ ከተዳፋቱ የበለጠ ዋጋ አለው የሚለው ግምት በደንብ ተጠቅጥቆ ለተሠራና ማስረጃ ላለው ሙሌት ብቻ ይሠራል። ማስረጃ የሌለውን ሙሌት እኔ የምቆጥረው ከቦታው ዋጋ ላይ እንደሚቀነስ የማስነሻ ወጪ ነው።

ዲዛይነሩ ከመሣሉ በፊት የቦታው ከፍታ በሌቭል ማሽን ተለክቶ ይሰጠው። ከፊት እስከ ኋላ ወደ አንድ ፎቅ ቁመት የሚጠጋ ልዩነት ባለበት ቦታ ላይ ሜዳ ፈጥሮ ቤት መትከል በግንብ ላይ ገንዘብ መከመር ነው፤ ወለሉን በደረጃ ማውረድ ወይም ከሥር ክፍል ማውጣት ቀድሞ በፈቃዱ ፕላን ውስጥ ቢካተት የሐምሌው መቋረጥ አይፈጠርም ነበር። ለክፍሉ የሚሆን ጥቅም የሌላቸው ባለቤቶች እንኳ አፈሩን መልሰው ከመሙላት ባዶውን ቢተዉት ይሻላቸዋል።

በውሉ ውስጥ ቁፋሮም ማጓጓዝም በአንድ መለኪያ፣ አፈሩ ባለበት በሚለካ ሜትር ኪዩብ ይጻፍ፤ የሚጨምር ጥልቀት በየግማሽ ሜትሩ ስንት እንደሚከፈልበትም አስቀድሞ ይተመን። ከግድግዳ ጀርባ የሚሞላ ነገር ከመሸፈኑ በፊት ተቆጣጣሪው አይቶ እንዲፈርም፣ ያለ ፊርማውም ክፍያ እንዳይፈጸም ማድረግ ይቻላል። በዚህ ሥራ ፊርማ ይጠየቅ የነበረው ለፌሮና ለኮንክሪት ብቻ ነበር።